ታች ሰፈር የፈረሰ ጊዜ

ዙቤዳ ከአልዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። የቆላ ሰው ናትና ብርዱ መጀመሪያ አንገሸገሻት። በበሬሳ ወንዝ ዳር፣ ታች ሰፈር በሚባለው መንደር አንዲት ደሳሳ ቤት ተከራይታ በርበሬና እርድ እየቸረቸረች ቀስ በቀስ ለመደችው። በእርግጥ ያለመዳት ሰው ነው። በአንድ ወገን ጎረቤቷ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች፤ እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የማይታዘዙላት፣ በእጇ እየዳኸች በአቅራቢያው ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሳ የበግ ጠጉር ስትፈትል የምትውል ሴት። በሌላው ወገን የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ልብስ ሰፊው ኃይለ ገብርኤል። እድርተኛው እስላም ናት፣ መጤ ናት ሳይል ዙቤዳን የሴቶች ተጠሪ አድርጎ መረጣት።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ ሽር ጉዱ ተጀመረ። ታች ሰፈር ፈርሶ የሰልፍ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ ተባለ። ነዋሪው ከከተማው ርቆ፣ ውሃ በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ይሰፍራል።

እድርተኛው ኃይለ ገብርኤል ግቢ ተሰበሰበ። ሰዉ ሲንጫጫ ቆይቶ ኃይለ ገብርኤል ተነሣ።

«ከተማው አይመር አንልም» አለ። «ነገር ግን ከገበያው በላይ ባዶ መሬት እያለ እኛ ለምን እንፈርሳለን? እኛም የዚህ ከተማ ሰዎች ነን። ይህንኑ በቀበሌው ስብሰባ ላይ በግልጽ እንንገራቸው።»

ይህን እንዲናገሩ እሱና ዙቤዳ ተመረጡ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዘርአ ዳዊት እዚያው ታች ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በስብሰባው ዕለት ኃይለ ገብርኤል ሲናገር አቀርቅሮ ሰማው። ዙቤዳም ተራዋ ደርሶ ቆመች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወለተ ጊዮርጊስን ታውቃታለህ። ከዚያ ሜዳ እዚህ ድረስ በእጇ እየዳኸች ትምጣ? ዓይነ ስውሩስ፣ አራሷስ ውሃ ከየት ይቅዱ? እነሱን ያላሰበ የሰልፍ ሜዳ ለማን ነው የሚያምረው?»

በቀበሌው አዳራሽ የሚያጨበጭብ ጠፋ። ዘርአ ዳዊት ቀና አለ።

«እድር ሬሳ ይቅበር» አለ። «ከተማ የሚያቅደው መንግሥት ነው። እድርን ተገን አድርጎ ሕዝብ የሚያነሣሣ አድኃሪ ካለ ግን እናውቃለን።»

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ኃይለ ገብርኤልን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥተው ወሰዱት። ዙቤዳ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌ ብትመላለስም ዓይኑን ሊያሳዩአት አልፈቀዱም። አንድ ቀን ዘርአ ዳዊት ራሱ ወደ ቢሮው አስገባት። ጓድነቱን ትቶ በድሮው አጠራር ጠራት።

«እት ዙቤዳ፣ ኃይለ ገብርኤል ወደ ላይ ከተላከ በእኔ እጅ አይሆንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆመሽ፣ ሰፈሩ በፈቃዱ ተስማምቷል በይ። ያን ጊዜ አስፈታዋለሁ።»

«ሰፈሩ መቼ ተስማማ?»

«ብትይውም ባትይውም ይፈርሳል» አላት፤ ፊቱ ላይ ድካም እንጂ ክፋት አልነበረም። ይህም ይበልጥ አስፈራት።

ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ወለተ ጊዮርጊስ ነገሩን ሰምታ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ሰውየውን አውጪው» አለቻት። «እኔን አታስቢ።»

ዙቤዳ በስብሰባው ቆመች። «የታች ሰፈር ሕዝብ በፈቃዱ ተስማምቷል» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቁጭ ስትል ከጎኗ የነበሩት ሴቶች ሸሸት አሉ።

ዶዘሩ የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰዉ ቆርቆሮውንና ማገሩን ተሸክሞ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ዙቤዳም ወለተ ጊዮርጊስን አዝላ ከኋላ ተከተለች። የእድሩ ድንኳንና ጥሩንባ በቀበሌው ተወረሰ።

ዘርአ ዳዊት ቃል ቢገባም ኃይለ ገብርኤል የተፈታው ከበዓሉ በኋላ ነበር። ጥርሱ ረግፏል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶታል። ዙቤዳ የተናገረችውን አልደበቀችውም። ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ በልቧም እንዲቆጣት ተመኘች። እሱ ግን «እሺ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰፈሩ ትንፍሽ አላለም።

የሰልፉ ሜዳ ለአንድ ቀን ሰልፍ ካገለገለ በኋላ ሣር በቅሎበት ቀረ።

ወለተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። ዙቤዳ አንዳንድ እሑድ አዝላት ብትሄድም ወገቧ እምቢ አላት። ኅዳር ሲገባ ውርጩ የሰፈሩበትን ሜዳ እንደ ጨው አነጣው። ወለተ ጊዮርጊስ ሳል ጀመራት፤ ሳሉም ሳይለቃት አንድ ማለዳ ዙቤዳ ገንፎ ይዛላት ስትገባ ቀዝቅዛ አገኘቻት።

«ያ ረቢ!» ብላ ዓይኗን ከደነችላት፤ ነጠላዋን አልብሳትም እየሮጠች ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ዐረፈች። እድርተኛውን ጥራልኝ።»

ከተቀመጠበት አልተነሣም። «የምን እድርተኛ?»

«ሰው ናት፣ ጋሼ! ማን ይሸከማታል?»

«ሰው ከተሰበሰበ ይጠይቁኛል» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «መልሰው ይወስዱኛል፣ ዙቤዳ። ተይኝ።»

ዙቤዳ ወጥታ በየደጁ ዞረች። አንዳንዱ እመጣለሁ አለ፤ አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ቀበሌ ፈቅዷል ወይ?» ሲል ጠየቃት። የዞረችውን ዞራ ስትመለስ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ቃሬዛ ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፤ ፀሐይዋም ከፍ እያለች ነው። ዙቤዳ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ እመጣለሁ ያሉትን ትጠብቅ ጀመር።