በጉድጓዱ ደጃፍ የተዘረጋው መቀነት

እኔ ንቲፒዮን አፌን መያዝ አልችልም። ባሌም ያውቃል፣ ፍየሎቼም ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ተሰብስበው "የሜዳ አህዮች እንዳይጠጡበት ጉድጓዱ በእሾህ ይታጠር" ብለው ሲወስኑ፣ እኛ ሴቶች እንደ ደንቡ ከኋላቸው ተቀምጠን ዝም አልን። የሚናገረው ዱላውን የያዘ ነው፤ ዱላው ደግሞ ሴት እጅ ገብቶ አያውቅም።

ጉድጓዱ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ የተቆፈረ ነው። ቀን ከብቶቻችን ይጠጣሉ፤ ሲመሻሽ የሜዳ አህዮቹ ይመጣሉ። አህዮቹን ሰው እንዳይነካብን የምንጠብቃቸው እኛ ሴቶች ነን፤ እንጨት ስንለቅም፣ ውሃ ስንቀዳ ዓይናችን ከነሱ ላይ አይነሳም። ከመካከላቸው አንዷ፣ ጆሮዋ የተቀደደው፣ በቅርቡ ወልዳለች። ውሃ ካጣች ጡቷ ይደርቃል፣ ውርንጭላዋም ትሞታለች። እኔም በድርቅ ዘመን ጡቴ ደርቆ አንዷን ልጄን አጥቻለሁ።

ስብሰባው ሲበተን አላስቻለኝም። የሽማግሌዎቹን አለቃ ሌኩፓናይን ተከትዬ፣ "አባቴ፣ የሜዳ አህያዋ እኮ አራስ ናት" አልኩት።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ገንፎ ላገንፋላት?" ወንዶቹ ተንከተከቱ። "ውሃውን ያደፈርሱብናል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ! ሂጂ ቤትሽን በእበት ለቅልቂ።"

እሱ ራሱ የሚያድረው ሚስቱ በሠራችው ጎጆ አይደል እንዴ! ግን ከሱ ጋር አፍ ብካፈት ምን ዋጋ አለው? ቀጥ ብዬ ወደ እናቱ ሄድኩ።

ኖልሜሪሺ አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ነገሩን ስነግራት ብዙም አላሰበችም።

"አራስ ውሃ ይከለክላል? የኔ ልጅ? በይ ደግፊኝ፣ ልነሳ።"

ወንዶቹ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተቱ ሲመጡ ሌሎቹን ሴቶች ጠርተን ቀድመናቸው ነበር። መቀነታችንን ፈትተን በጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋው ላይ ዘረጋነው። በኛ ዘንድ ማንም ወንድ የወላድ መቀነት አይሻገርም፤ የተሻገረ እናቱን እንደረገጠ ይቆጠራል። ወንዶቹ ቀጥ አሉ።

"በዚያ በኩል ክፍት ነው!" አለ አንዱ።

እውነትም መቀነታችን አልበቃንም ነበር። ኖልሜሪሺ በዳበሳ ሄዳ ክፍተቱ ላይ የራሷን ዘረጋች።

"እማዬ፣ አንቺን ደግሞ ማን አመጣሽ?" አለ ሌኩፓናይ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

"አንተን የተሸከመ ሆዴ ነዋ! ና፣ ተሻገራ!"

ሌኩፓናይ እናቱን አየ፤ መቀነቷን አየ። ከዚያ እሾሁን መሬት ጣለው። "ቀን ለከብቶቻችን ይሁን፤ ማታ ማታ ክፍት ይደር" አለ።

መቀነታችንን ሰብስበን ከቁጥቋጦው ጀርባ አብረን ተቀመጥን፤ ወንዶቹም ጭምር። ሲመሻሽ ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው መጣች። ጠጣች፣ አሁንም ጠጣች። ውርንጭላዋ ከሆዷ ሥር ገብታ ጡቷን ያዘች። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንባዬን ግን ማን ይያዝልኝ! እነሱ ጠጥተው ሲሄዱ እልልታችንን ለቀቅነው፤ ሸለቆው እልል አለ።

በቀጣዩ ስብሰባ እንደ ደንባችን ከኋላ ተቀመጥን። ሌኩፓናይ ንግግሩን ሲጨርስ ዞረና ዱላውን ወደ እኛ ዘረጋ።

"ንቲፒዮን፣ ነይ ያዢው። ስለ ጉድጓዱ አንቺ ተናገሪ።"

ተነስቼ ያዝኩት። ከዚያማ ማን ያስቁመኝ!