በኬብል ልጣጭ የታሰረ ቆስጣ

ብሎን የሚሏት በቁመቷ ማጠር ብቻ አልነበረም። አንዴ ከያዘች አትለቅም፤ ሥራም ቢሆን፣ ነገርም ቢሆን፣ ሰውም ቢሆን። አሮጌ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን በሚፈታበት በወንድሟ መሥሪያ ግቢ ከእሷ እኩል ካቻቢቴ የሚያሽከረክር ወንድ አልተገኘም። ሌሎቹ ከአንድ ሳጥን ጋር ሲታገሉ እሷ መዳቡን ለብቻ፣ ቦርዱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ለይታ፣ በዚያ ላይ የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ሰምታ ትጨርሳለች።

የኬብል ልጣጭ መጣል አይሆንላትም። መዳቡ ከተመዘዘ በኋላ የሚቀረውን ቀይ ላስቲክ ሰብስባ በር ታስርበታለች፣ ልብስ ታሰጣበታለች። በተለይ ደግሞ ጓሮዋ ላይ ያፈራችውን ቆስጣ የምታስረው በእሱ ነው። ሁለቴ ጠምጥማ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ይህን አስተሳሰር ሌላ ሰው ሞክሮት አልሆነለትም፤ "የብሎን እስር" ብለው ተዉላት።

ባሏ የሞተ ጊዜ ልጇን ታቅፋ መግቢያ አጥታ ነበር። የደረሰላት ወንድሟ ነው። ከመሥሪያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጣት፤ ሥራም ሰጣት። ጎረቤቱ "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" እያለ መረቀው። ብሎንም ከዚያ ወዲህ ወንድሟን አንተ ብላው አታውቅም። "ወንድም ጋሼ" ትለዋለች፣ እርስዎ ትለዋለች፣ ሲቆጣት እንኳ "እውነትዎን ነው" ትለዋለች። ውለታ እንዲህ ያደርጋል።

የክፍሏ ደጅ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ ጥቁር አፈር በጋሪ እያስመላለሰ አስደፋላት። "አመድ ያለበት ነው፤ ጭቃውን ይይዝልሻል" አላት። የገበሬ ልጅ አይደለች፣ አመድ ሲባል ደስ አላት። እናታቸው የምድጃ አመድ ጓሮ ላይ ስትበትን እያየች ነው ያደገችው። የእንጨት አመድና የኬብል አመድ ለየቅል መሆናቸውን የነገራት አልነበረም። አፈሩን ስትደለድል አንዲት ሰማያዊ የብርጭቆ ብይ አገኘች፤ በቀሚሷ ጠርጋ ለልጇ ለሚጢ ሰጠቻት። ሚጢ ብዪቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዞረች የምትውል ሆነች። ብሎን ቆስጣ ዘራች፤ ቆስጣውም ተንዠረገገ።

ከቆረጠች ቁጥር የመጀመሪያው እስር የወንድሟ ቤት ነው። ለባለ ውለታ ከትራፊ አይሰጥም። የወንድሟ ሚስት በሁለት እጇ ተቀብላ "እጅሽ ይባረክ" ትላታለች።

ሚጢ ግን እየከሳች መጣች። ሆዴን፣ ሆዴን ትላለች። ከምግብ ሁሉ ታኮርፋለች። ሰፈሩን የምታስቅባቸው ዘፈኖች መሃል ላይ ይጠፉባትና ዝም ብላ ትቆማለች። ጤና ጣቢያ ወስዳት "ደሟ አንሷል፤ ቅጠላ ቅጠል አዘውትራ ትብላ" አሏት። ብሎን እየሳቀች ተመለሰች። ቅጠል ከሆነማ ደጇ ላይ ነው። በመንገዷ ላይ ወንድሟን መኪናው አጠገብ አገኘችውና የተባለችውን ነገረችው።

"ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ማታ ቆስጣ ነው ወንድም ጋሼ። ዕድሜ ለእርስዎ አፈር።"

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። ከዚያ "ጥሩ ነው" አላት።

ይህን ቃል ያዙልኝ። "ጥሩ ነው" አላት።

አንድ ቅዳሜ የወንድሟ ሚስት ቤት ስታጸዳ ላግዛት ብላ ሚጢን ይዛ ሄደች። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሴራሚክ ነው። ወንድሟ ሥራውን የጀመረው እዚሁ ቤቱ ግቢ ኬብል እያቃጠለ ነበር፤ ሲያልፍለት ሥራውን ወደ ሰፊው ቦታ ወሰደና ግቢውን አሳመረ። ብሎን ያኔ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከሥራ ሲመለስ ደጅ ላይ ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ነው የሚገባው። "ሙሽራው መጣ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ቆሻሻ ልትደፋ የበርሜሉን ክዳን ከፈተች። ቆስጣ አየች። የዚህ ሳምንቱ ከላይ፣ ያለፈው ሳምንቱ ጠውልጎ ከሥሩ። ቀዩ ላስቲክ ሁለቴ እንደተጠመጠመ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ እንደተሸጎጠ ነው። እስሩን እንኳ የፈታው የለም።

መጀመሪያ ያፈረችው እሷ ናት። ሰው ሲያልፍለት የድሃ ቅጠል አይበላም ብላ ልታልፈው ነበር። ግን ብሎን ናትና አልለቀቀችውም። ቆስጣውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

"እትዬ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"እ… ተበላሽቶ ነው።"

"ትናንት የቆረጥኩት?"

የወንድሟ ሚስት ድስቱን ማጠቧን ተወች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። "ወንድምሽን ጠይቂው። እኔን አትጠይቂኝ።"

"እርስዎን ነው የጠየቅኩት እትዬ። እጅሽ ይባረክ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ሴትየዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ያኔ ልጄ ሲታመም፣ ታይፎይድ ነው ስንልሽ… ታይፎይድ አልነበረም። ሆዴን፣ ሆዴን ይል ነበር። የሚያውቀውን ፊደል ረሳ። ሐኪሙ ደሙን አስመረመረና እርሳስ የሚባለው መርዝ ገብቶበታል አለን። እዚህ ስናቃጥል ከነበረው፣ ከጭሱም ከአፈሩም ነው አለን። አፈሩን ከግቢያችሁ ካላወጣችሁ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም አለ። አወጣነው።"

ብሎን የገዛ ልጇን ሕመም በሌላ ልጅ ስም የሚነግሯት መሰላት። "አፈሩንስ የት ጣላችሁት?"

የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች። በመስኮቱ ሚጢ ከአጎቷ ልጅ ጋር ሴራሚኩ ላይ ብይ ስትጫወት ትታያለች። ብዪቱ ሰማያዊ ናት። "ይቺ እኮ የኔ ነበረች፤ የት አገኘሻት?" ይላታል ልጁ። ብሎን ክው አለች። ብዪቱን ደጇ ላይ ከተደፋው አፈር ውስጥ ያገኘቻት እሷ ናት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው፤ የሚያመው መውደቁ ሳይሆን፣ ፈረሱን ስታሞጋግስ መክረሟ ነው።

አላለቀሰችም፤ ሽንኩርት ላጠች። ቆስጣውን አጥባ፣ ከትፋ፣ በዘይት ጠበሰችው። የወንድሟ ሚስት "ምን ልታደርጊ ነው?" ብትላት ሳህን አወረደች።

ወንድሟ ለምሳ ገባ፤ ደጅ ላይ ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ። ብሎን ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠች፤ ዳቦም ጨመረችለት።

"ከጓሮዬ ነው። ይብሉ።"

ሳህኑን አየ። ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወደ መሬት አየች። "ዛሬ ሆዴ ደህና አይደለም" አለ።

"ለሚጢ ጥሩ ነው ብለውኝ የለም እንዴ? ለርስዎም ጥሩ ነው።"

"ብሎን፣ ተይ።"

"አንድ ጉርሻ ብቻ። የእናቴ ልጅ ነዎት፤ አንድ ጉርሻ አይከልክሉኝ።"

እጁ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም። ይህን ጊዜ ሚጢ እያለከለከች ገባች። በምግብ ስታኮርፍ የከረመችው ልጅ ሁለቱ ተፋጠው ስታይ ልታስታርቃቸው ፈለገች መሰለኝ፣ ብዪቱን በጉንጯ ወትፋ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች።

"አጎቴ ካልበላህ እኔ ልብላልህ።"

"አትብዪ!"

ከእናቷ የቀደመው የእሱ እጅ ነው። ሳህኑን በጥፊ መታው፤ ወለሉ ላይ ተሰባብሮ ቆስጣው በየፊናው ተበተነ። ሚጢ ደንግጣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

"እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም" አለቻት ብሎን። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ለካ ታዝንላታለህ። ይኼ እጅህ ዓመት ሙሉ የት ነበር?"

አንተ አለችው። እሱም ሰማው። "ጭቃ እንዲይዝልሽ ብዬ ነው እንጂ ትከዪበት አላልኩሽም።"

"አትትከዪበት አላልከኝም።"

"ብነግርሽ ሥራውን ትተይዋለሽ። ሌሎቹም ይሰማሉ፣ ግቢው ይዘጋል። ሁላችንም የምንበላው ከዚያው ነው።"

"እኛ ከዚያው በላን። አንተ ግን በርሜል ውስጥ ጣልከው።"

ብሎን ጎንበስ አለችና መዳፏን ከልጇ አገጭ ሥር ዘረጋች። "ትፊያት የኔ ልጅ።" ሚጢ ብዪቱን ተፋቻት። ብሎን በምራቅ እንደራሰች ጠረጴዛው ላይ፣ ሳህኑ በነበረበት ቦታ አስቀመጠቻት። "ይቺም የእናንተው ናት" አለች።

ልጇን አዝላ ወጣች። ሚጢ ጀርባዋ ላይ ሆና "ወዴት ነው የምንሄደው?" አለቻት።

"ሐኪም ቤት። ደምሽን እናስመረምራለን።"

"ከዚያስ?"

ብሎን እርምጃዋን አፈጠነች። ከዚያ በኋላ የሚያድሩበት፣ እሱ የሰጣት፣ እዚያው አፈር ላይ ያለችው ክፍል ብቻ ነበረች።