ኮቱ ላይ የተበተነው ጸጉር

«ጣቶቹንም አጥፋቸው» አለች ዛፊራ። «አንድም እንዳይቀር። ልጄን ይልቀቃት።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኢስክረን ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ አጎላው። የዛፊራ ልጅ ራዶስቲና በፖሞሪዬ ከተማ ባሕር ዳር ቆማ ትስቃለች። ባሏ ክራሲሚር ትከሻዋን አቅፏል። አርባዋ ከነገ ወዲያ ነው፤ እንደ አገሩ ልማድ አርባዋን የሚያሳውቀው ወረቀት ከነፎቶዋ ግቢው በርና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል።

«እትዬ ዛፊራ፣ ብቻዋን የተነሳችው የለም?»

«ታማ የተነሳችው አለ። በዚያ መልኳ በር ላይ አላቆማትም። ምነው፣ አይሆንም? አውቄዋለሁ፣ ይበላሻል።»

«ኧረ ይሆናል! ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበትን ፍቺ እኔ በአሥር ደቂቃ ነው የምጨርሰው።»

በማውሱ ራዶስቲናን ዙሪያዋን ከበባት። ከዚያ የክራሲሚርን ጣቶች ተራ በተራ አጠፋቸው። ዛፊራ እያንዳንዱ ሲጠፋ እሷ የሰበረችው ያህል ደስ አላት።

ፎቶው የተነሳ ዕለት ዛፊራ ለልጇ ደውላ «ንፋስ ነው፣ ጸጉርሽን እሰሪው፣ ጆሮሽን ይመታሻል» ብላት ነበር። ራዶስቲና ሳቀችባት። በዓመቱ ያ ጸጉር ከካንሰር መድኃኒቱ የተነሳ ትራስ ላይ ቀረ። በዚያው ሳምንት ክራሲሚር «ጀርመን ሥራ አገኘሁ» ብሎ ሻንጣውን ዘጋ። እስክትሞት በነበረው ዘጠኝ ወር ውስጥ አንዴ ብቻ ደወለ። ቀብሯ ላይ አልነበረም። አሁን ለአርባዋ እመጣለሁ ብሏል።

ትናንት የዛፊራ እህት ቪሽና ለመታሰቢያው የሚቀቀለውን ስንዴ እየለቀመች፣ ቤት ያሉት እንግዶች እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተይው፣ ይምጣ» ብላት ነበር።

«ይምጣ እንጂ! መጥቶ ፎቶው ላይ እንደሌለ በዓይኑ ይይ» ነበር የዛፊራ መልስ።

«አለቀ» አለ ኢስክረን።

ዛፊራ አየችና ከወንበሯ ተነሳች። የራዶስቲና ራስ በአንድ ወገን እንደተላጨ ሆኗል።

«ጸጉሯስ?»

«ንፋሱ ኮቱ ላይ በትኖት ነበር። ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ኮምፒውተሩ መለየት አቅቶት ከኮቱ ጋር አብሮ ወሰደው። ማን ያስተውለዋል?»

«እኔ! ሁለተኛ አላስላጫትም። መልሰው!»

«ትከሻውም አብሮ ይመለሳል እኮ።»

ዛፊራ ከንፈሯን ነከሰች። ሠላሳ ስምንት ቀን ያለመችው እሱ ድራሹ የጠፋበትን ወረቀት ነው።

«ይመለስ» አለች በመጨረሻ። «ትከሻው ጸጉሯን ይሸከም። ጭንቅላቱን ግን ቁረጥልኝ።»

በአርባዋ ቀን ክራሲሚር ስድስት ነጭ አበባ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ወረቀቱን ሲያይ ቆመ። ጭንቅላትና እጅ የሌለው ትከሻ፣ በላዩ የሚስቱ ጸጉር። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ጎረቤቶች ከኋላው መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ይሄ የኔ ኮት ነው» አለ። «እማማ፣ እኔ የታለሁ?»

«እሷም ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህንኑ ነበር የምትጠይቀኝ» አለች ዛፊራ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

አንገቱ ድረስ ቀላ። አበባውን ደፉ ላይ አኑሮ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ። ዛፊራ መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። አልበቃትም።

ሰዎቹ ሲገቡ ንፋስ መጣና የወረቀቱን ጠርዝ አነሳው። ሊቀደድ ነው ብላ ደነገጠች፤ ሮጣ በመዳፏ ለጠፈችው። ከዚያ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ ኮቱ ላይ የተበተነውን ጸጉር ወደ ልጇ ጆሮ ኋላ ሰበሰበች። አልተሰበሰበም። እንደገና አረሰችው።