ቤልጅጉ ለምን አልከሸፈም

፩

ከሸፈ።

ድኩላው ቀና ብሎ አስራደን አየው። አፉ ውስጥ የነበረውን ቅጠል አላምጦ ጨረሰና በቀስታ ወደ ጫካው ገባ። አስራደ የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ እንደታቀፈ ቀረ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሠርጉ ደርሶ ስለነበር ለአማቾቹ የድኩላ ሥጋ ሳልይዝ አልመለስም ብሎ ፎክሮ ነው የወጣው። ይዞላቸው የሄደው እንጉዳይ ነው።

፪

ታሪኩን ከዚህ የጀመርኩት አስራደ ራሱ ሲያወራው ከዚህ ስለሚጀምር ነው፤ እየሳቀ። አሁን ግን ጠመንጃዎቹን በየተራ ላስተዋውቅ።

ውጅግራ። ከአባቱ የወረሰው። በአንዴ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ጥይቱ አውራ ጣት ያክላል። ሲተኮስ ትከሻ ይነቅላል። ሁለት ጊዜ ከሽፏል።

ምንሽር። በውጅግራው ተናዶ የገዛው። ቀላል፣ ቀጭን፣ ሸጋ። አምስት ጊዜ ከሽፏል።

ቤልጅግ። ከሠርጉ በኋላ በወሩ የገዛው።

አንድም ጊዜ አልከሸፈም።

፫

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አስራደ ስለ ቤልጅጉ ሲያወራ ጎረቤት ሰለቸው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያነሳዋል። ምንሽር የያዘ ሰው አደን ሳይሆን ሽርሽር ነው የወጣው ይላል። ቤልጅግ ግን የባለቤቱን ሐሳብ ያውቃል፤ ጥይቱም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ውጅግራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ረስቶታል። እንዲያውም እንዳያየው ኮት ይደርብበታል።

፬

ወረዳው አንድ ቤት አንድ ጠመንጃ ብቻ ያስመዝግብ፣ ሌላውን ያስረክብ አለ። ጊዜው ሦስት ቀን ነው።

አስራደ ሦስቱንም አልጋ ላይ ደርድሮ ሁለት ቀን ሲያያቸው ዋለ። ቤልጅጉን መተው ሞኝነት ነው። ግን አባቱ ውጅግራውን የሰጡት በሞቱበት ሳምንት ነበር። አደራ ከማለት በቀር ምንም አላሉም። ያንን አደራ በገዛ እጁ ለወረዳ ሊሰጥ ነው።

፭

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወጥ ቤት። የተባለውን እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

አስራደ፦ ቤልጅጉን ነው የማስቀረው።

ዘርፌ፦ (ሚስቱ፤ ሽንኩርት እየከተፈች) ለምን?

አስራደ፦ አንድ ቀን ከሽፎብኝ ያውቃል?

ዘርፌ፦ አያውቅም።

አስራደ፦ ታዲያ!

ዘርፌ፦ ጥይቱን ማን እንደሚመርጥልህስ ታውቃለህ?

አስራደ፦ ከዝናሬ ነው የማወጣው።

ዘርፌ፦ ስንቅህን ስቋጥር ዝናርህን ማን የሚሞላው ይመስልሃል?

አስራደ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?

ዘርፌ፦ ሃያ ሁለት ዓመት። ጠመንጃው ምንም አላደረገም።

አስራደ፦ ምነው ሳትነግሪኝ?

ዘርፌ፦ ቤልጅጌ፣ ቤልጅጌ ስትል ፊትህ እንዴት እንደሚያበራ ብታየው፣ አንተም አትናገርም ነበር።

፮

የዘርፌ አባት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ያስተማሯት ይህን ነው፤ አንተም ሞክረው፦

ጥይቱን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። ባሩዱ ደረቅ ከሆነ ይንሾካሾካል። ዝም ካለህ ተወው።

እርሳሱና ቀለሁ የሚገናኙበትን እይ። አረንጓዴ ዝገት ካየህ ተወው።

ሁለት ጥይት በሁለት መዳፍህ ያዝ። አንዱ ከቀለለ ተወው።

የቀረውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ።

የመጨረሻው ለእሷ ብቻ ነው፦ ለባልሽ አትንገሪ።

፯

አስራደ መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ ሲለው ደረቱ ውስጥ የተቋጠረ ነገር የተፈታ መሰለው። ያኔ ድኩላው ፊት የከሸፈው ውጅግራው አልነበረም፤ ጥይቱ ነው። የአባቱ ጠመንጃ ያለ ጥፋቱ ሃያ ሁለት ዓመት ኮት ተደርቦበት ኖሯል።

ዘርፌ የውጅግራውን ጥይቶች አንድ በአንድ እየነቀነቀች አንዱን መርጣ ሰጠችው። ጓሮ ካለው የአፈር ቁልል ሥር አንድ ዱባ አስቀመጡ።

ጓ!

ዱባው የለም። ዶሮዎቹም የሉም። አስራደ በጀርባው ወድቆ ሰማይ ሰማይ እያየ ይስቃል፤ ዘርፌ ልታነሳው መጥታ ራሷም ሳቅ ጣላት። ጎረቤታቸው ወርዶፋ ተኩስ ሲሰማ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ደረሰ። ማን ነው የሞተው አለ።

«ዱባው» አለችው ዘርፌ፤ ወርዶፋም ምሳ አብሯቸው በላ።

፰

ከሰዓት በኋላ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት። ምንሽሩና ቤልጅጉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል። ዘርፌ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

ጸሐፊው የሚያስቀሩት የትኛውን ነው ብሎ ጠየቀ። አስራደ ውጅግራውን አሳየው። ጸሐፊው ፈገግ አለ፤ ሰው ሁሉ አሮጌውን ሰጥቶ ደህናውን ነው ይዞ የሚሄደው። ጻፈው። ቀጥሎ የባለመሣሪያውን ስም ጠየቀ።

አስራደ ነገረው።

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። አስራደን አየ፤ ወደ አግዳሚውም አየ።

«በሴት ስም ጠመንጃ ተመዝግቦ አያውቅም እኮ» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ይጀመር» አለ አስራደ።

ዘርፌ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አስራደ አላወቀም።

የቅጹን ግልባጭ አግኝቻለሁ። አንዱን መስመር ግን እኔ አልሞላውም።

የመሣሪያው ዓይነት፦ ውጅግራ

የባለመሣሪያው ስም፦