ናፍጣው እምቢ ያለ ጠዋት

እንዳለች ሚደቅሳ ወንድሟን ጭድ ውስጥ ደብቃ ለማሳለፍ የወሰነችው በ1981 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። የውትድርና አፈሳው ጌጃ ሰፈር ከገባ ጀምሮ እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት እህል በአፋቸው አልዞረም። በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። የበኩር ልጃቸው ናቅፋ ዘምቶ ቀርቷል፤ አሁን የቀራቸው ወንድ ልጅ ኢታና ብቻ ነው። እሱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ፣ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ወጣት ነው። ቀኑን ኮርኒስ ውስጥ ተጋድሞ ይውላል።

«አንድ ቀን ማሳሉ አይቀርም» አሉ እናትየው። «እባክሽ ከዚህ ቤት አውጪልኝ።»

እንዳለች የአንድ አትክልት አምራቾች ማኅበር የትራክተር ሾፌር ነበረች። ጌጃ ሰፈር ካለው መጋዘን ጭድ እየጫነች መካኒሳ ላሉት የማኅበሩ ላሞች ታደርሳለች። ትራክተሯ ትንሽ ብትሆንም ከኋላ የምትጎትተው ተሳቢ ሰው ይደብቃል። የመንገዱ ኬላ ጠባቂዎች ሁልጊዜ ስለሚያዩዋት ፈትሸዋት አያውቁም። ኢታና መካኒሳ ከደረሰ በእግሩ ወደ አጎታቸው አገር ወደ ቱሉ ቦሎ ይሻገራል ተባለ።

የሚያሳስባት የትራክተሯ ነገር ነበር። ሰሞኑን መንገድ ላይ እየጠፋች አስቸግራታለች። ናፍጣ በራሽን ስለሆነ ለማኅበሩ የደረሰው የበርሜል አተላ ነው፤ እሱንም በአሮጌ ጆንያ አጥልላ ነበር የሞላችው። ስትጠፋባት አየር ገብቶባት ነው ብላ አየሩን ታስወጣለች፤ ትነሳለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች። ታንኩን አራግፎ ማጠብ እንደሚያስፈልግ ልቧ ያውቃል። ግን ያን ናፍጣ ከደፋችው ሌላ ከየት ታመጣለች? አፈሳው ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ አጥር እየዘለለ ወደ ቤታቸው እየተጠጋ ነበር።

አንድ ቀን በጠዋት ኢታና ተሳቢው ላይ ተጋደመና ጭዱን ከመረችበት። በጣውላዎቹ መካከል ባለው ክፍተት እንዲተነፍስ አፍንጫውን ወደዚያ አስጠጋ።

«ይሰማሃል?» አለችው።

«ይሰማኛል። ሂጂ።»

እንደ ልማዷ መንሹን ጭዱ ጫፍ ላይ ሰክታ ተነሳች። ወደ ሜክሲኮ የሚያወጣውን ጠባብ መንገድ ስታጋምስ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ። ነዳጅ ጨመረችለት። አንዴ ተንገጫገጨና ዝም አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከኋላዋ ጥሩንባ ተነፋ። ዞር ስትል ሸራ የለበሰ የወታደር ካሚዮን አየች። ከሸራው ሥር የታፈሱ ልጆች ተደራርበው ተቀምጠዋል። መንገዱ በአንድ ወገን ግንብ፣ በሌላው ቦይ ስለሆነ ካሚዮኑ ማለፊያ የለውም። ከጋቢናው የወረደው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ዘነበ ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ እንዳለች?»

«ናፍጣ አልስብ ብላኝ ነው፣ ጓድ ዘነበ። አሁን አስነሳታለሁ።»

«ቶሎ በይ። እነዚህን የሚረከብ ሰው ይጠብቀናል።»

የብሎን መፍቻዋን ይዛ ወረደች። የናፍጣ ማጣሪያው ላይ ያለውን ብሎን አላልታ የእጅ ፓምፑን ትጫነው ጀመር። በብሎኑ ሥር አረፋ ወጣ፤ ከዚያ ትንሽ ናፍጣ። ብሎኑን አጥብቃ፣ ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ። «ተመስገን» ሳትል ጠፋ። ደገመችው። ማስነሻው ሞተሪኖ አሁን በድካም ነው የሚያዞረው፤ ባትሪው እያለቀ ነው። መፍቻው ሁለት ጊዜ አመለጣት።

አየር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ያልቅ ነበር፣ ብላ አሰበች። ከታንኩ የሚመጣውን ቀጭን ቧንቧ ከማጣሪያው ነቀለችው። ታንኩ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ናፍጣው መንዠቅዠቅ ነበረበት። ጠብ... ጠብ... ብቻ አለ። መውጫው ተደፍኗል ማለት ነው።

«አገኘሁት!» ብላ ጮኸች፤ ጭዱ ውስጥ ላለው እንዲሰማ ነበር። «ቧንቧው ተደፍኖ ነው፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጡኝ።»

ዘነበ ግን ትዕግሥቱ አልቋል። ወደ ካሚዮኑ ዞሮ «ኑ ውረዱ!» አለ። «ጭዱን አራግፉትና ተሳቢውን ወደ ቦዩ እንግፋው።»

«አታራግፉት፣ ጓድ ዘነበ! የማኅበር ንብረት ነው፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው!»

«ጭድ ነው እኮ፤ ምን ሆነሻል?» አለ አንዱ ወታደር እየሳቀ። ተሳቢው ላይ ዘሎ ወጣና መንሹን ነቀለ። እግሩን አንፈራጦ መንሹን ወደ ላይ አነሳ። እንዳለች ጫፎቹ የት እንደሚያርፉ አየች።

«ተው! ሰው አለ!»

ጩኸቱ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። ወታደሩ መንሹን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ጭዱ ተነቃነቀና ኢታና ተነስቶ ቆመ፤ ፀጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ገለባ ተሰክቷል። ካሚዮኑ ውስጥ ያሉት ልጆች አንገታቸውን አስግገው አዩት። አንድም የሳቀ አልነበረም።

«እሷ አታውቅም» አለ ኢታና። «በራሴ ነው ሾልኬ የገባሁት።»

ዘነበ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ጩኸቷን ሰምቷል። እንዳለች ከእግሩ ሥር ወደቀች።

«አንድ ነው የቀረን፣ ጓድ ዘነበ። ታላቃችንን ያውቁታል። እናቴ ትሞትብኛለች። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!»

«ተነሽ» አለ፤ ዓይኑን አላሳያትም። «እኔም የምጠየቀው ቁጥር አለብኝ። መንገዱን ክፈቺልኝና ሂጂ። ካልሆነ አንቺንም ጨምሬ ነው የምወስደው።»

ያን ጊዜ ትራክተሯን ጠላቻት። ብታስነሳት ወንድሟ ይሄዳል፤ ባታስነሳት ሁለቱም ይሄዳሉ። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ኢታና ከተሳቢው ወርዶ፣ ሁለት ወታደሮች በግራና ቀኝ እየተከተሉት አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ሥሪው፣ እንዳለች። እማዬ ዛሬ ሁለታችንንም ማጣት የለባትም። እኔ ቁልፉ ላይ እሆናለሁ፤ አንቺ ቧንቧውን ያዢ።»

ቧንቧውን በአፏ ይዛ ወደ ታንኩ ነፋች። አልሄደም። ናፍጣው ምላሷንና ጉሮሮዋን አቃጠላት። ተፋችና እንደገና ነፋች፤ ጆሮዋ ውስጥ ደም እስኪጮህ። ታንኩ ውስጥ ቡልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። አፏን ስታነሳ ናፍጣው እጇ ላይ ተዠቀዠቀ፤ አብሮትም የጆንያ ክር ድብልብል ወጣ። እያለቀሰች ቧንቧውን መልሳ አሰረች፤ አረፋው እስኪጠፋ ፓምፑን ተጫነች፤ ብሎኑን አጠበቀች።

«አዙረው» አለች።

ሞተሪኖው አቃሰተ። አቃሰተና ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ሙሉ ነበር፣ አልተቆራረጠም። ኢታና ከወንበሩ ወርዶ ቦታውን ለቀቀላት። ሊያቅፋት ሲል አንደኛው ወታደር ክንዱን ያዘው። እሷ ትራክተሯን ወደ ሰፊው መንገድ አውጥታ ዳር ያዘች። ካሚዮኑ አለፋት። በሙሉ ነዳጅ ተከተለችው፤ ሜክሲኮ አደባባይን ሳትደርስ ከዓይኗ ጠፋ።

የተወሰደበትን ማሠልጠኛ አጠያይቃ ያገኘችው በሳምንቱ እሑድ ነው። ከአጥሩ ሽቦ ወዲህ እናቶችና እህቶች ተጨናንቀው ስም ይጣራሉ። ኢታና ራሱን ተላጭቶ መጣ።

«እማዬ እህል ጀመረች?»

«ጀምራለች» አለች። ውሸቷን ነው።

«ትራክተሯስ?»

«ታንኩን አጠብኩት። ክር ሞልቶት ነበር።»

«ቀደም ብለን ማጠብ ነበረብን።»

«ነበረብን።»

ስለ ጩኸቷ ልትነግረው ስትጀምር ፊሽካ ተነፋ። «በሚቀጥለው እሑድ ትነግሪኛለሽ» ብሎ ሮጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ዳቦና ቆሎ ይዛ ስትሄድ ዘበኛው «የነሱ ምድብ ሐሙስ ተጭኗል» አላት። ወዴት እንደሆነ ስትጠይቀው እጁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባሩ ዘረጋ። ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ሳለች አንድ የማታውቀው ልጅ በሽቦው መሃል «እህቴ» ሲል ጠራት። ዳቦውን ሰጠችው። ስሙ ሁመድ ነው፤ ሰንጋ ተራ ካለው ቤታቸው ለሥራ በወጣበት ነው የታፈሰው። እናቱ ወይዘሮ ሸምሲያ በሕይወት ይኑር ይሙት እንደማያውቁ ነገራት።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰንጋ ተራ ወርዳ፣ ናፍጣ የጠገበ ልብሷን እንደለበሰች፣ የወይዘሮ ሸምሲያን በር አንኳኳች።