ጠበቃዋ ያልተናገረችው

መጋረጃ ሰፊዋ በዚህ ዓለም በነፃ የሚሰጥ ነገር አለ ቢሏት አታምንም። ደንበኞቿ «አጣሪዋ» ይሏታል። ጨርቅ ሲመጣላት ጥቅሉን እስከ መጨረሻው ተርትራ በመስኮት ብርሃን ካላየችው አትረከብም፤ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ ሞቅ ካለባት «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ አብራት የምትሰፋው ባልንጀራዋ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችው ጠበቃ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በነፃ እንደምታማክር ስትነግራት መቀሷን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ዓሣ አጥማጅም ትሉን በነፃ ነው የሚሰጠው» አለች።

ግን በዚያ ሰሞን የእናቷ ቤት ነገር ያሳስባት ነበር። እናቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ፣ ነገር አፋቸው ላይ የማያድር ሴት። አብሯቸው የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ። እሱ ታዲያ በቅርቡ አንድ አዲስ ዘፈን ጀምሯል፦ «እማዬ ደክማለች፣ ውክልና ትስጠኝና የቤቱን ጉዳይ እኔ ልያዘው።» ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ግቢ ወጥቶ ነው የሚያነሳው። የባሰው ግን እናትየው ናቸው። ልጃቸው ስትገባ ወሬ ያቋርጣሉ፤ «የት ዋልሽ?» ስትላቸው «የትም» ይላሉ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። አንድ ቀን ሳታስበው ተነሥታ ወደ ጠበቃዋ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ ለራሷ ሕግ አወጣች፦ የሚቀርብ ነገር አልቀምስም፣ ፊርማ አልፈርም፣ ሳልጠየቅ አልናገርም።

ቢሮዋ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ ቅጠሉ አቧራ የለበሰ ተክል፣ አንገቱ የተጣመመ ማራገቢያ። ጠበቃዋ ከጠበቀቻት በላይ ልጅ እግር ነበረች።

«ከመጀመራችን በፊት ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች ስም ይንገሩኝ» አለቻት።

«ለምን? ገና መቼ አወራንና?»

«አሠራራችን ነው።»

አጣሪዋ የራሷን፣ የወንድሟን፣ በመጨረሻም የእናቷን ስም ነገረቻት። ጠበቃዋ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፤ ከዚያ ጣቶቿ ቀጥ አሉ። ስክሪኑን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ጉዳይ እርስዎን ማማከር አልችልም።»

«ምኑን ሰማሽና?»

«ምክንያቱንም መናገር አልችልም። ሌላ ጠበቃ ያነጋግሩ።»

«ለዚህም አስከፍላለሁ እንዳትይኝ ብቻ!» ብላ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ወጣች። የነፃ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው፣ በነፃ ማባረር!

ደረጃው ግማሽ ላይ ግን እግሯ ተገታ። ልጅቷ እኮ ፊቷን አይታ አይደለም የከለከለቻት፤ ስም ሰምታ ነው። ከስሞቹ አንዱን ታውቀዋለች ማለት ነው። አንድ ሰው ቀድሟት ያንን ወንበር ተቀምጦበታል፤ ጠበቃዋም ለእሱ ቆማ ለእሷ መቆም አትችልም። ማን እንደሆነ ለመገመት አዋቂ ቤት መሄድ አላስፈለጋትም።

በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ገሰገሰች። ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ መሰላል አቁሞ አምፖል ማቀፊያ ይፈታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ውረድ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችውን ጠበቃ ታውቃታለህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ፣ አንድ አንድ እርከን እየረገጠ ወረደ።

«አንቺው ነሻ!» አለ። «ባለፈው ሄጄ ስማችንን ስነግራት አፏ ተለጎመ። ‹ማማከር አልችልም› ብላ አሰናበተችኝ። አንቺ ቀድመሽ እንደከሰስሽኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ እኮ!»

«እኔ? እኔ ዛሬ ገና መሄዴ ነው! አንተስ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ውክልናው ሲሰጠኝ ነገ ሌባ እንዳትይኝ፣ በምን መልክ ልያዘው ብዬ ልጠይቅ ነዋ።»

«ግቢ እየወጣህ የምታናግረውስ ማንን ነው?»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። «ደላላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዋጋውን ለማወቅ ብቻ።»

«ብቻ!»

እሱ ካልሆነ፣ እሷም ካልሆነች፣ ጠበቃዋ ዘንድ የቀደማቸው ማነው? ጥያቄው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ደረሰባቸው መሰለኝ፣ አንድ ላይ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። እናታቸው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በነፃ ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ደረጃ መውጣት እንደሁ አላቃተኝም።»

«እማዬ! ምን ልትጠይቂ?»

«እኔ ቆሜ እየሄድኩ ቤቴን ማንም እንዳይሸጠው ምን ላድርግ ብዬ ነዋ። ወንድምሽ ደላላ ያናግራል። አንቺ ደግሞ ያን ቀን እኔ ያሸለብኩ መስሎሽ ሳሎኑን በሜትር ስትለኪ አየሁሽ።»

የአጣሪዋ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። «መጋረጃ ልሰፋልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ወለሉም መጋረጃ ይለብሳል እንዴ?»

የስፌት መኪናዎቿን የት የት እንደምታቆም በልቧ አስቀምጣ የነበረ መሆኑን እናትየው ከፊቷ አነበቡት። ወንድሟ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል እናቱ ገረፍ አድርገው ቢያዩት ዋጠው።

«ያቺ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጆሮዋን ሰጠችኝ» አሉ አዋላጇ። «በዚያች ግማሽ ሰዓት ውክልና ስሰጥ ምን እንደምሰጥ፣ እምቢ ብል ማንም ሊያስገድደኝ እንደማይችል አወቅሁ። ይኸው ይበቃኝ ነበር። ግን እናንተን ሳስባችሁ እንደማይበቃ ታየኝና ሁለተኛ ጊዜ ከፍዬ ሄድኩ፤ ኑዛዜዬንም ጨረስኩ።»

«ምን አልሽበት?» አሉ ልጆቻቸው እኩል።

«እሱን ስሞት ትሰሙታላችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ወንድሟ ስልኩን እቤት ውስጥ ማንሳት ጀመረ፤ የውክልናውም ዘፈን ቀረ። አጣሪዋ ሜትሯን ሱቅ ትታ ነው እናቷን የምትጠይቀው፤ ትመጣለች፣ ታወራለች፣ እግራቸውን ታሻለች። አንድ ቀን ግን አላስችል ብሏት፣ የግራ እግራቸውን እያሸች በጨዋታ አስመስላ «እማዬ፣ ለማን አደረግሽው?» አለቻቸው።

«እኔስ በነፃ የምታሺኝ መስሎኝ ነበር» አሉና የቀኙን እግራቸውን ዘረጉላት።