የቀማሹ አስተዋዋቂ

"አስተዋዋቂዎ ማን ይባላል፣ ጋሽ ይስሐቅ?" አለች የእጩ መዝጋቢዋ ትዝታ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ እንዳስደገፈች።

ለወረዳው ምክር ቤት የሚወዳደሩት እጩዎች ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ከሕዝብ ጋር ይተዋወቃሉ። ግን ማንም ራሱን አያስተዋውቅም። ከየት እንደመጣና ምን ሲሠራ እንደኖረ በቅርብ የሚያውቀው አንድ ሰው ቆሞ ይናገርለታል፤ ከዚያ እጩው ዕቅዱን ያቀርባል። አስተባባሪዎቹ ደንቡን ያወጡት "ሰው ራሱን ሲያወድስ አያምርም" ብለው ነው። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሰው ላለው ሰው።

"ስሙን ቆይቼ አስሞላለሁ" አለ ይስሐቅ።

"እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። አስተዋዋቂ የሌለው መድረክ አይወጣም ብለውናል። ራዲዮ ስለሚቀዳ ተራው ያለፈ አይመለስለትም።" ፊቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

አንድ ሰው ብቻ። ይስሐቅ ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። ሚዛን ከተማ ሌሊቱን ዘንቦባት አድራ ባጃጆቹ ቀዩን ጭቃ ግራና ቀኝ ይረጩታል።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስቱን የኖረው ቡና ሲቀምስ ነው። ገበሬና ነጋዴ ካመጣው ቡና ናሙና ተወስዶ ይቆላል፣ ይፈላል፤ እሱ በማንኪያ እየማገ፣ እየተፋ ደረጃ ይሰጣል፤ መጥፎውን ይጥላል። ቀማሽ ነጭ ሽንኩርት አይበላም፣ ሽቶ አይቀባም፣ ሚጥሚጣ አይነካም። ይስሐቅ ደግሞ ከራሱ አንድ ጨመረበት፤ ሰው ቤት አይበላም። "ዛሬ ምሳውን የበላሁትን ሰው ቡና ነገ እንዴት እጥላለሁ?" ይል ነበር። ሠርግ ሲጠሩት ስጦታውን በሰው ይልካል። ለቅሶ ይደርሳል፣ ግን እህል ሳይቀምስ ይወጣል። ሰው መጀመሪያ አከበረው፣ ቀጥሎ ፈራው፣ በመጨረሻ መጥራቱን ተወ። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ በሩን የሚያንኳኳው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ለምርጫ ያስነሣው የወረዳው መንገድ መበላሸት ብቻ አልነበረም፤ ያ የቤቱ ዝምታም ነበረበት።

መጀመሪያ የሄደው ቡናም ሸቀጥም ወደሚነግዱት ጎረቤቱ ወደ ሐጂ ዐብዱልጀባር ነው። ሐጂ የመጣበትን ጉዳይ ሰምተው ሲያበቁ ሚዛኑን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ።

"ጎረቤትማ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን። ግን አቶ ይስሐቅ፣ ልጆቼ ስንት ናቸው?"

ይስሐቅ ቁጥሩን አያውቅም።

"ሦስት ጊዜ ስድር ጠራሁዎት። ስጦታዎ መጣ፣ እርስዎ አልመጡም። ቅያሜ የለኝም። ብቻ ሕዝብ ፊት ቆሜ 'በቅርብ አውቀዋለሁ' ብል፣ ወላሂ፣ ውሸት ይሆንብኛል። እኔ የማውቅዎት ቡናዬን በማንኪያ ሲምጉ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው።"

"ሻይ ላስመጣልዎት?"

"አይ፣ አመሰግናለሁ" አለ ከልማዱ የተነሣ። ጡረታ መውጣቱና አሁን ሻይ መጠጣት መቻሉ ትዝ ያለው ከሱቁ ወጥቶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ነው። ተመልሶ ሊገባ አፈረ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስልካቸውን አላነሡም። የድሮ የሥራ ባልደረባው ለሌላ እጩ ቃል ገብቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይስሐቅ መናኸሪያው በር ላይ፣ የሚሳፈር ሰው መስሎ ቆሞ ነበር።

"ይስሐቅ ቀማሹ!"

ባየ ነው፤ ሸዋ ቤንች ከሚባለው ገጠር የመጣ ቡና ገበሬ። ከገበያ የገዛውን አዲስ አካፋ ተሸክሞ ፌስታል አንጠልጥሏል። ነገሩን ሲሰማ ሳቁ መጣ።

"ታዲያ ሰው ጠፋ ብለህ ነው እንዲህ የተከዝከው? እኔ አለሁ አይደል!"

"አንተ?"

"ከኔ በላይ ማን ያውቅሃል!"

ከሰው ሁሉ ባየ መሆኑ ይስሐቅን አስደነገጠው። ቢሆንም ስልኩን አውጥቶ ለትዝታ ደወለ። "ባየ ብለሽ ሙዪው" አላት።

አዳራሹ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ባየ ማንበብ ስለማይሆንለት ይስሐቅ ለአስተዋዋቂው የጻፈውን የራሱን የሕይወት ታሪክ አነበበለት፤ "በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን ያላዳላ፣ አንድም ቀን ያልተሳሳተ።"

"ልክ ነው!" አለ ባየ። "ያን ቡናዬን 'ጭስ ጭስ ይላል' ብለህ የጣልክብኝን ዓመት አነሣላቸዋለሁ። ያኔ ቡናውን በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ የሚያገላብጠው ከፈለኝ የሚባለው ልጄ ነበር። በርዶት አልጋው ሥር እሳት አንድዷል ብዬ ጮኽኩበት። 'አባዬ፣ እሳት አላነደድኩም' ብሎ በእናቱ ማለ። እኔ ግን የአንተን ምላስ አመንኩ። ውሸታም አልኩት፤ ጥሎኝ ማሻ ከተማ ገባ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ።" ሻዩን ፉት አለ። "አንተን ግን አንድ ቀን አልተቀየምኩህም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ወረዳውን መምራት ያለበት እንዲህ ያለ ሰው ነው እላቸዋለሁ።"

ይስሐቅ ብርጭቆውን ጨብጦ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የፈለገው ይህን ነበር፤ ቆሞ የሚመሰክርለት ሰው። አሁን ሲያገኘው ሊቀበለው ከበደው።

"በል ዕቅድህን ንገረኝ" አለ ባየ።

"አንደኛ፣ የገጠር ቀበሌዎች መንገድ። ሁለተኛ፣ ለየማኅበሩ የቡና ማድረቂያ አልጋ። ሦስተኛ፣ ቡናው የተጣለበት ገበሬ ሌላ ቀማሽ ደግሞ እንዲቀምስለት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው፣ ወረዳው ይሟገታል።"

"መንገዱ ገባኝ፣ አልጋውም ገባኝ። ይቺን ሦስተኛዋን ግን ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ከየት አመጣሃት?"

"ከጥናት" ማለት ይቻል ነበር። አፉ ላይ ደርሳም ነበር።

"ካንተ ቡና" አለ ይስሐቅ።

"እንዴት?"

"ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጠዋት ፍም ላይ ባሕር ዛፍ አድርጌ ታጥኜ ነው የገባሁት። ጉንፋን የያዘው ቀማሽ አይቀምስም፤ ደንብ ነው። ግን ቡና የጫነው መኪና ተደርድሮ፣ ሌላው ቀማሽ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ቀመስኩ። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬ ሲከፈት፣ የተረፈውን ናሙና ደግሜ ቀመስኩት። ንጹሕ ቡና ነው፣ ባየ። ጭሱ የራሴ ነበር።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ስሜን ፈራሁ።"

ባየ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። በጣቶቹ ቆጠረና፣ "በሦስተኛው ቀን" አለ ቀስ ብሎ። "ልጄ እኮ ከቤት የወጣው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው።"



ባየ ሻዩን ሳይጨርስ አካፋውን አነሣ። "ማሻ መሄዴ ነው። ምን ብዬ እንደምነግረው ግን አላውቅም። ስልኬን ሲያይ ይዘጋዋል። ውሸታም ያልኩት እኔ፣ ዛሬ 'እውነተኛ ነህ' ብለው ያምነኛል?" መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ከአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ሙከራ ይሰማል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ስልኩ ጮኸ።

"ጋሽ ይስሐቅ፣ ሰዉ ሞልቷል!" አለች ትዝታ። "ሁለተኛ ተራ ነዎት። አቶ ባየ አብረውዎት አሉ?"

"የለም። ስሙን ሰርዢው።"

"ውይ! በማን ልተካው?"

"ባዶውን ተዪው፣ ልጄ።"

"ተራዎ ያልፋል እኮ!"

"ይለፍ" አለና የሁለቱንም ሻይ ከፍሎ ወደ መናኸሪያው አቀና። እግሩ እየፈጠነ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ሮጠ ማለት ይቻላል።

የቴፒው ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ማሻ የሚሄድ ሰው ከቴፒ ሌላ መኪና ይይዛል። ባየ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል፤ አካፋው ጉልበቱ መሐል፣ ፌስታሉ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ።

"ለከፈለኝ እኔ እነግረዋለሁ" አለ ይስሐቅ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ። "በራሴ አፍ።"

ባየ ከመስኮቱ ዓይኑን አላነሣም። ፌስታሉንም አላነሣም። ይስሐቅ አንሣልኝ ለማለት መብት ያለው አልመሰለውም። አልፎት ወደ ኋላው ወንበር ሄደና የሙዝ ቅርጫት ካቀፉ አንዲት እናት ጎን ተጨናንቆ ተቀመጠ።

መኪናው በአዳራሹ በኩል ሲያልፍ በሩ ላይ የቆመው ሰው ያጨበጭባል። ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ባየ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ይስሐቅ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

"የኔ ወንድም፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አሉ ሴትዮዋ አንድ ሙዝ ከቅርጫቱ እያወጡ። "ያዝ፣ ብላ።"

"አይ፣ አመሰግናለሁ" የሚለው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ተቀበላቸውና መላጥ ጀመረ።